ለሁለት የሚበቃ ካያክ

ሥራዬ መዛግብት መጠበቅ ነው። ማስረጃ ያላየሁበትን ነገር አላምንም፤ ሌላውም ሰው ያለ ማስረጃ እንዲያምነኝ ጠይቄ አላውቅም። ስለዚህ ይህን ስጽፍ ምን ያህል እንደከበደኝ ገምቱልኝ።

የሆነው እሑድ ዕለት ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ሐይቁ ላይ... ፀሐይ ወጥታ።

ነገሩ የጀመረው ግን ሐሙስ ነበር፤ የዓሣ ማጥመጃ ካያክ፣ ያችን ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ፣ ልገዛ በሄድኩበት ሱቅ።

ሱቁ ከውሃው ዳር ነው። ባለቤቱን፣ አንድ አዛውንት ናቸው፣ ሰው ሁሉ «ሚዛን» ይላቸዋል። የእህል መጋዘን ሚዛን ደጃፋቸው ላይ፣ ከወለሉ ጋር አስተካክለው ቀብረዋል። እሱን ሳይረግጥ የሚገባ የለም።

ስገባ መርፌው ዘለለ።

«ሰባ ስምንት፤» አሉ ከተቀመጡበት።

«ሰባ አምስት ነኝ።»

«ሰው ስለ ኪሎው ይዋሻል፤ ውሃው ግን አያዝንልህም፣ ጌታው። ብቻህን ነህ?»

«ከልጄ ጋር ነኝ። ሰባት ዓመቷ ነው።»

ስለ ካያክ መጠን ሦስት ሳምንት ሳነብ ከርሜ ነበር። ባለ ሦስት ሜትሩ ሸምበቆ መካከል ለመዞር ይቀላል፤ መቶ አርባ ኪሎ ይሸከማል። ባለ አራት ሜትሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ መቶ ሰማንያ ይችላል። ከሚችለው ሁለት ሦስተኛውን ብቻ መጫን ይመከራል። እኔ ሰባ ስምንት፣ ዕቃዬ ዘጠኝ፣ ልጄ ሃያ አንድ። ድምሩ መቶ ስምንት።

«አራት ሜትሩን ስጡኝ፤» አልኩ።

ወደ ትንሹ ጀልባ ጠቆሙ።

«ሦስት ሜትሩን ውሰድ። ላንተ እሱ ልክህ ነው።»

«ልጄስ?»

«ከእናቷ ጋር ዳር ትቀመጥ።»

ጠረጠርኩ። ገዢውን ወደ ርካሹ ዕቃ የሚገፋ ነጋዴ የት ይገኛል? ትልቁ ጀልባ አንድ የተደበቀ ጉድ አለበት አልኩና ሆዱን በጣቴ እያንኳኳሁ፣ ብሎኑን አንድ በአንድ እያየሁ መረመርኩት። እንከን የለውም።

ያን ጊዜ ሚስታቸው ከውጭ ገቡ። ደልደል ያሉ፣ ፈገግታ የማይለያቸው ሴት ናቸው። ሚዛኑን በሁለት እግራቸው ረገጡት።

መርፌው... ንቅንቅ አላለም።

«ሚዛንዎ ተበላሽቷል፤» አልኩ።

«አልተበላሸም።»

ተመልሼ ወጣሁበት። ሰባ ስምንት።

ሴትዮዋ እንደምን ዋልክ ብለውኝ ወደ ጓዳ አለፉ። ባልየው ቀና ብለው አላዩዋቸውም። አውቶቡስ ላይ አጠገባቸው የተቀመጠ የማያውቁት ሰው የወረደ ያህል እንኳ አልመሰላቸውም።

ስወጣ የራሳቸውን ጀልባ አየሁ። አሮጌ፣ ባለ ሁለት መቀመጫ። መረብ የለው፣ መንጠቆ የለው። የፊተኛው መቀመጫ ተፈግፍጎ ያበራል።

«ከማን ጋር ነው የሚቀዝፉት?»

«ብቻዬን፤» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

አራት ሜትሩን ገዛሁ።

እሑድ ጠዋት ልጄንና እናቷን ይዤ መጣሁ። ሐይቁ እንደ ጠረጴዛ ረግቷል። ሽማግሌው መጀመሪያ ብቻዬን ከነዕቃዬ አስቀመጡኝና ውሃው የደረሰበትን ቦታ፣ በመቀመጫዬ ትክክል፣ በጥቁር ቀለም አሰመሩ። ቀጥሎ ልጄ ቢጫ የመንሳፈፊያ ጃኬቷን ለብሳ ከፊቴ ተቀመጠች። ጀልባው ዝቅ አለ። ከጥቁሩ አንድ ጣት ከፍ አድርገው ቀይ መስመር አሰመሩ።

«ስትመለስ መስመሩን እይ፤» አሉኝ በሹክሹክታ። «ዳር ከመድረስህ በፊት።»

«ለምን?»

«እኔ አላየሁም ነበር።»

ባለቤቴ ከዳር ሆና ትስቃለች። «ዓሣ ሳትይዙ ብትመጡ ቤት አላስገባችሁም!»

«እኔ እይዛለሁ! አባዬ ትል መንካት ይፈራል!» አለች ልጄ።

ሸምበቆው ጋ እስክንደርስ አፏ አልተዘጋም። ዓሣ ይተኛል ወይ? ሲተኛ ዓይኑን ይጨፍናል ወይ? አልጋ ከሌለው የት?

የጀልባው አፍንጫ ሸምበቆው ውስጥ ገባ። ቅጠሉ መካከላችን ተዘጋ። ልጄን ያላየኋት... ሦስት ትንፋሽ ያህል ነው። ከዚያ አይበልጥም።

በሌላው ወገን ስንወጣ ዝም ብላ ነበር።

«ደከመሽ?»

«አልደከመኝም፣ አባቴ።»

አባቴ ብላኝ አታውቅም።

አጎንብሼ የጀልባውን ጎን አየሁ። ሞገዱ እስኪረጋ ጠበቅሁ። እንደገና አየሁ።

ቀዩ መስመር ደርቋል። ውሃው ጥቁሩ ላይ ነው።

«ሚጢጢዬ... እስቲ ዙሪና እዪኝ።»

«ጀልባው ይናወጣል፣ አባቴ።»

ራሴ ያስተማርኳት ቃል ነው። ድምፁም የእሷው ነው። ጃኬቱም ቢጫው ነው።

ያን ጊዜ ወደ ሸምበቆው መመለስ ነበረብኝ። አልተመለስኩም። ሽማግሌው መስመሩን አዛብተውት ይሆናል አልኩ። ማስረጃው ዓይኔ ሥር ተሰምሮ ሳለ፣ ማስረጃ አምናለሁ የምለው ሰው አላመንኩትም። ወደ ዳር ቀዘፍኩ።

ሽማግሌው መሳፈሪያው ላይ ቆመው ይጠብቁናል። እኛን አላዩም። የጀልባውን ጎን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አታውርዳት፤» አሉኝ በጥርሳቸው መካከል። «ተመለስ... አሁኑኑ።»

ባለቤቴ ግን እጇን ዘርግታ ነበር።

«ነይ የኔ ቆንጆ! ሆፕ... ውይ፣ ምነው እንዲህ ቀለልሽ!»

ከት ብላ ሳቀች። ልጅቷም ሳቀች።

ከኋላዬ፣ ከሸምበቆው ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሰማሁ።

«አባዬ?»

እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ፈለግሁ። ሸምበቆውን በእጄ እየከፈልኩ ዞርኩት። ባለቤቴ ከዳር ሆና ትጮኻለች፦ «አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ እዚህ ናት እኮ! ምን ነካህ?»

ሦስት ዓመት ሆነው።

ልጅቷ እቤት ናት። ከክፍሏ አንደኛ ትወጣለች። ማታ ማታ ግንባሬን ትስመኛለች። አልጋዋ ላይ ስትወጣ ግን ፍራሹ አይሰረጉድም። ሚዛን ሦስት ጊዜ ገዝተናል። «ሁሉም የተበላሸ ነው» አለች እናቷ። አራተኛ እንግዛ ስላት ፊቷን አዞረች።

እኔ እሑድ እሑድ ብቻዬን እወጣለሁ። ሸምበቆው ውስጥ ስገባ መቅዘፊያዬን አሳርፍና አጎነብሳለሁ። ውሃው ጥቁሩ መስመር ላይ ነው። እጠብቃለሁ። ከዚያ ባዶው የፊት መቀመጫ ሲጥ ይላል... ጀልባው በቀስታ ዝቅ ይላል። ቀዩ ላይ።

አንድ ሰዓት ያህል እንቀመጣለን። ዓሣ እንዴት እንደሚተኛ አንብቤ ደርሼበታለሁ፤ እነግራታለሁ። ከሸምበቆው ስወጣ ጀልባው ተመልሶ ይቀልላል።

ባለፈው እሑድ ሽማግሌው መሳፈሪያው ላይ አገኙኝ።

«ብቻህን ነህ የምትወጣው። በሦስት ሜትሩ ልቀይርልህ?»

ዓይን ለዓይን ተያየን።

«አይ፣ አባባ። ልኬ ይኸው ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ባለ ሁለት መቀመጫ ጀልባቸውን ወደ ውሃው መግፋት ጀመሩ።

ያን ዕለት ሸምበቆው ውስጥ ጠብቄ ጎኑን ሳይ ውሃው ቀዩን መስመር አልፎታል። በግማሽ ጣት። ተሳስቼ እንዳይሆን ሦስት ጊዜ አየሁት።

ልጄ በዚህ ወር አሥር ዓመት ሞልቷታል።

ደብተሬን አውጥቼ ደመርኩ። አራት ሜትሩ ገና ይበቃናል።