የመጀመሪያ ጆሮ

አባቷ ወንበሩን አዙሮ ለሁለቱ አዳዲስ አምፕሊፋየሮች ጀርባውን ሰጠና ዓይኑን ጨፈነ።

«የትኛው እንደሚከፈት እንዳይነግሩኝ፣ ወይዘሮ ሒሩት። ስሙንም፣ ዋጋውንም፣ የተሠራበትንም አገር ማወቅ አልፈልግም» አለ። «ሳምራ፣ ደብተርሽን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ፣ አባዬ።»

መያዙንስ ይዛለች፤ እስክሪብቶው ግን ከላቧ የተነሣ ከጣቷ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም። የወይዘሮ ሒሩት ቤት ከየካ ሚካኤል በላይ ዳገቱ ላይ የተሠራ አዲስ ቤት ነው፤ ሳሎኑ ብቻ ኮተቤ ያለውን የነሳምራን ቤት ከነጓዳው ይውጣል። ከአባቷ ፊት ለፊት ግራና ቀኝ ሁለት ስፒከሮች ቆመዋል፤ አምፕሊፋየሮቹ ከኋላው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው ብርማ ነው፣ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሣው ከባድ ዕቃ። ሌላኛው ጥቁር ሆኖ አናቱ ላይ ትንንሽ የመስታወት ቱቦዎች ተደርድረውበታል። ሳምራ በአሥራ አምስት ዓመቷ እንዲህ የሚያምር ዕቃ በቅርብ አይታ አታውቅም። ዛሬ ግን ሁለቱንም ጠላቻቸው።

አባቷ ዋቅጅራ ሃያ ዓመት ሙሉ ሬዲዮና ቴፕ፣ ኋላም አምፕሊፋየር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። አዲስ ዕቃ ሲሰማ የማይጥሰው ደንብ አለው። መጀመሪያ ጆሮው የገባውን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ሌላ ሰው ይጽፋል፣ የተጻፈው አይሰረዝም። «የመጀመሪያ ጆሮ ይሉኝታ የለውም» ይላል። «ደጋግመሽ ከሰማሽው ትለምጂዋለሽ፤ ከለመድሽው ደግሞ ታዝኚለታለሽ።»

ሰው የተበላሸበትን ከማስጠገን ይልቅ አዲስ መግዛት ስለለመደ ሱቁን አምና ዘጋ። ከዚያ ወዲህ እናቷ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ የተወችው ወንበር ላይ ማታም ታገኘዋለች። ወይዘሮ ሒሩት አያት ሰፈር ውድ የቤት ሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ሊከፍቱ ነው፤ ዕቃው ሳይሸጥ የሚሰማላቸው፣ ሲሸጥም ደንበኛው ቤት ድረስ ሄዶ የሚገጥምላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ዛሬ የጠሩት ሊፈትኑት እንደሆነ ሦስቱም ያውቃሉ። ዋቅጅራ ጠዋት ሸሚዙን ሁለት ጊዜ ተኩሷል።

ሳምራ ግን ሌሎቹ የማያውቁት ነገር ታውቃለች። የአባቷ ጆሮ ቀጫጭን ድምፅ መስማት ካቆመ ቆይቷል። መጀመሪያ የገባት ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ መዘምራኑ ሲለማመዱ የድምፁን ማሽን የሚቆጣጠረው እሱ ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ ስለማይሰማው ከፍ ያደርገዋል፣ አሁንም ስለማይሰማው ይጨምርበታል። ጓደኛዋ ሀሴት አንድ ቀን ጆሮዋን ይዛ ወጣችና «ኧረ ሼም ነው ባክሽ፣ አባትሽ ሊያደነቁረን ነው እንዴ?» አለቻት። ሳምራም ሳታስበው «ስፒከሩ አርጅቶ ነው» ብላ ዋሸች። ውሸቱ እግር አወጣና አሁን ምእመኑ ለአዲስ ስፒከር እያዋጣ ነው።

ወይዘሮ ሒሩት ብርማውን ከፈቱ። ክራርና ማሲንቆ ብቻ ያለበት፣ አንዲት ሴት ረጋ ብላ የምታንጎራጉርበት ሙዚቃ ነው።

«ጻፊ» አለ አባቷ። «ወፍራሙ ድምፅ አይቸኩልም። ደርባባ ነው።» ሳምራ ጻፈች። «ማሲንቆ መቺው ተቀምጧል፣ አልቆመም። ከሴትዮዋ በስተግራ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ነው። ሴትዮዋ ደግሞ ልትጀምር ስትል ትንፋሿን በአፍንጫዋ ነው የምትስበው።»

ሳምራም ዓይኗን ጨፈነች። እውነቱን ነው! ማሲንቆ መቺው እዚያው ግራ ጥግ ላይ ቁጭ ብሏል። ደስታ ደረቷን ሞላው። እንዲህ የሚሰማን ሰው ማን ደንቆሮ ይለዋል? ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ምናልባት ድኗል እያለች ብዕሯን አፋጠነች። ወይዘሮ ሒሩትም በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ዘፈኑ አለቀ።

«እንዳይዘጉት» አለ ዋቅጅራ እጁን አንሥቶ። «አሁን ዝምታውን ልስማ። የአምፕሊፋየር ጨዋነቱ የሚታወቀው ዝም ሲል ነው።»

ሦስቱም ዝም አሉ። ያን ጊዜ ሳምራ ሰማችው። ከግራው ስፒከር ቀጭን፣ የማያቋርጥ ፉጨት ይወጣል፤ ጆሮ ሥር እንደምትዞር ትንኝ ያለ። ዘፈኑ ውስጥም ነበረ፤ ከደስታዋ ብዛት ልብ ሳትለው ቀርታ እንጂ።

አባቷ ፊቱ በርቶ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ።

«ዝምታው ንጹሕ ነው» አለ። «የጉድጓድ ውኃ ይመስላል። ጻፊ።»

ጻፈች። «ን» ስትል ጀምራ «ሕ» ላይ እስክትደርስ እጇ የሌላ ሰው እጅ መሰላት።

ወይዘሮ ሒሩት ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው ስፒከሩን አዩት። «ጋሽ ዋቅጅራ፣ እኔ የሆነ ነገር ሲያፏጭ የሰማሁ መስሎኝ ነበር።»

«ሲያፏጭ?»

«የኔ ጆሮ ይሆናል። እርስዎ እያሉ እኔ ምን አውቃለሁ?» ብለው ሳቅ አሉ። «ብቻ ይሄን ዕቃ ነገ የሚወስዱት ሰውዬ ቀልድ አያውቁም። ገና ስጀምር ስሜ እንዳይበላሽ ብዬ ነው።»

አባቷ ፈገግ አለ። ሱቁ ከተዘጋ ወዲህ እንዲህ ፈገግ ሲል አላየችውም። «ልጄን ይጠይቋት። ጆሮዋን የወሰደችው ከኔ ነው። ሳምራ፣ የሚያፏጭ ነገር አለ?»

በድምፁ ቢለምናት ኖሮ ትዋሽለት ነበር። እሱ ግን አልለመናትም፤ እርግጠኛ ነው። አንጀቷን የበላውም ይኸው እርግጠኝነቱ ነው። «የለም» ብትል ሥራውን ዛሬውኑ ያገኛል። ነገስ? ነገ ሰውዬው ዕቃውን ይዘው ሲመለሱ? እሷ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ስትማር እሱ በየሰው ቤት እየገባ «ንጹሕ ነው» ሲል፣ ሰውም ከኋላው ሲሳሳቅበት ማን ይደርስለታል? 

«አለ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ያፏጫል፣ አባዬ። በግራ በኩል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበረ።»

ዋቅጅራ ዓይኑን ገልጦ ተነሣ። ስፒከሩ ፊት ተንበርክኮ ጆሮውን አስጠጋ፤ ሌላኛውን ጆሮውንም አስጠጋ። ትኩሳት እንደሚለካ ሰው መዳፉን ለጠፈበት። «አሁንም አለ?»

«አለ።»

«አሁንስ?»

«አዎ፣ አለ።»

ወይዘሮ ሒሩት ከኋላው ቀስ ብለው አምፕሊፋየሩን አጠፉት። ፉጨቱ ቆመ። አባቷ ግን ጆሮውን እንደለጠፈ «አሁንስ?» ብሎ ጠየቀ። ሳምራ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«ጥቁሩን ሌላ ቀን እንሰማዋለን፣ ጋሽ ዋቅጅራ» አሉ ሴትዮዋ ለስለስ ብለው። «ዛሬ ደክሞዎታል። እደውልልዎታለሁ።» እንዲህ ያለው «እደውላለሁ» ምን ማለት እንደሆነ ልጅም ያውቃል። በሩ ላይ የሳምራን ትከሻ ነካ አድርገው «ጎበዝ ልጅ ነሽ» አሏት። ስድብ ሆኖ ተሰማት።

ቁልቁለቱን ወረዱ። ደብተሩ ብብቷ ሥር ከበዳት። መታጠፊያው ላይ አባቷ መንገድ ዳር ካለች ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ዛሬ» ልትል አፏን ከፈተች። ዛሬ ማለት ቀላል ነበር። «ከገና በፊት» አለች።

በጣቱ ቆጠረ። «አምስት ወር። እናትሽስ?»

«አልነገርኳትም። መዘምራኑን ደግሞ ስፒከሩ ነው ብዬ ዋሸኋቸው።»

«ሰው እኮ ለስፒከር ገንዘብ እያዋጣ ነው፣ ሳምራ!»

«አውቃለሁ።»

«ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ?»

«ጆሮውም ከሄደ ሌላ ምን ይቀርለታል ብዬ» አለች። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ልትመልሰው ፈለገች፤ ግን ወጥቷል። አባቷ አልተቆጣም። እውነት ነው እንደሚል ሰው ሁለቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ከፊት ለፊታቸው ወዳለው ባሕር ዛፍ ቀና አለ።

«ድሮ እዚህ ዳገት ላይ ስመጣ ወፉ አያስቀምጥም ነበር» አለ። «ይሄ ሁሉ ግንባታ አባሯቸው ነው ብዬ ነበር። አሉ እንዴ?»

ሳምራ አዳመጠች። ቅርንጫፉ ሁሉ ይንጫጫል።

«አሉ።»

«ብዙ ናቸው?»

«ብዙ ናቸው፣ አባዬ።»

አባቷ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም፤ አሁንም አላለቀሰም።  ከታች የሚኒባስ ረዳት «መገናኛ! መገናኛ!» እያለ ይጣራል። ሁለቱም አልተነሡም።

«ሌላስ?» አለ።

«ምን ሌላ?»

«ሌላ የማልሰማው። ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»

ሌላ የለም ማለት ይቻላል። ቀላል ቀላሉን መርጦ ነግሮ ከባዱን ማስቀረትም ይቻላል። ሳምራ ድንጋዩ ላይ አጠገቡ ተቀመጠችና ድምፁ እንዲደርሰው ፊቷን ወደ እሱ መለሰች።

«የእማዬ ስልክ» አለች። «ማንቆርቆሪያው ሲፈላ። ዝናብ ገና ማካፋት ሲጀምር።»  የአምስት ዓመቱ ታናሽ ወንድሟ ትዝ አላት፤ እሱን ልታልፈው ነበር፤ አላለፈችውም። «ባርኮት ሊተኛ ሲል 'ደህና እደር፣ አባዬ' ይልሃል። በየቀኑ። አንተ ስለማትመልስለት የጠላኸው ይመስለዋል።»

አባቷ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ። ሳምራ ቀጣዩን ነገረችው።