ክፍት የሚያድረው የግንድ ቤት

አርቮ የሞተው በእንቅልፉ ነው። ምድጃው ውስጥ ገና ፍም እያለ የጭስ ማውጫው መዝጊያ ተዘግቶ የፍሙ ጋዝ አፍኖታል። አያቱ ከጥድ ግንድ የሠሩት፣ ዛሬ የፓርኩ ቅርስ የሆነው ይህ ቤት በሰሜን ፊንላንዷ ላፕላንድ ልማድ አይቆለፍም። በረዶው ስለበረታ ግን ፓርኩ ለጎብኚ ዝግ ነበር።

መርማሪ አውኔ ስትደርስ የሟቹ ልጅ ባል ሪኩ በካቴና ታስሯል።

«ተጣልተን ነበር» አለ ሪኩ። «የመጨረሻዋን ፍልጥ ምድጃው ውስጥ ከትቶ ‹ውጣልኝ› አለኝ። መኪናዬ ውስጥ አደርኩ።»

«ማገዶ ፈልጠህ ነው የወጣኸው?»

«እኔ? የሄልሲንኪ ልጅ ነኝ እኮ! የፓርኩ ሰዎች አይደሉ እንዴ የሚያቀርቡት?»

የሟቹ የልጅነት ጓደኛ፣ የፓርኩ ጠባቂ ታውኖ ሳቀ። «ይሄ እንኳን እንጨት እርሳስ አይቀርጽም!»

«እርስዎስ ማታ እዚህ ነበሩ?»

«ሳምንቱን ሙሉ ደጁንም አልረገጥኩም።»

አውኔ ምድጃው አጠገብ ተንበረከከች። አዲስ ፍልጥ ተደርድሯል፤ በላዩ የተላጠው ማቀጣጠያ ገና የጥድ ሙጫ ይሸታል። የሟቹን ቀኝ እጅ አየችው፤ በጀሶ ታስሯል።

ሁሉንም ሰበሰበች። ጠዋት በአውቶቡስ የደረሰችው የሟቹ ልጅ ሳኔልማ ከባሏ ርቃ ቆመች።

«ከዚህ ቤት የሚወጣ ሰው ለሚቀጥለው እንግዳ ማገዶ አዘጋጅቶ ይሄዳል» አለች አውኔ። «እዚህ ያደገ ሰው እጁ ሳያስበው ይሠራዋል። ይህን ማገዶ ሪኩ ከወጣ በኋላ የፈለጠ ሰው አለ። አርቮ በዚያ እጁ መጥረቢያ አይዝም። ሪኩ ልማዱን አያውቅም። ሳኔልማ መንገድ ላይ ነበረች። ታውኖ፣ በተዘጋው ፓርክ ውስጥ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። መዝጊያውን ገፍተው፣ ለእንግዳ ማገዶ ትተው ሄዱ።»

ታውኖ እጆቹን ተመለከተ።

«ድብ መግደሌን ደረሰበት» አለ በመጨረሻ። «እንድጠብቀው የተቀጠርኩበትን ድብ። ‹ራስህ ሄደህ ተናገር፣ እኔ አላሳጣህም› አለኝ። ሥራዬን፣ ስሜን... እንቅልፍ እስኪወስደው ጠበቅኩ።»

«ጋሼ ታውኖ!» አለች ሳኔልማ። «አባባ እኮ ከወንድሙ አስበልጦ ነበር የሚያምንህ!»

ካቴናው ከሪኩ ወጥቶ ታውኖ እጅ ላይ ገባ። ሳኔልማ ወደ ባሏ ቀረበች።

«ሪኩዬ...»

«ሲያስሩኝ አጠገቤ ነበርሽ። ከአፍሽ አንድ ቃል አልወጣም።»

«ደንግጬ ነው።»

«ደንግጠሽ ቢሆን ታለቅሺ ነበር። እኔን ነው ያየሽኝ፤ እንደ ገዳይ።»

ሪኩ ጃኬቱን ቆልፎ ብቻውን በበረዶው ላይ ወደ መኪናው ሄደ።