ጎማ ያላት ቤትና የአባባ ጉልበት

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ጎማ ስላላት ቤት ላጫውታችሁ።

የጽጌ ቤት ስድስት ጎማ አላት። መሪ አላት። ክላክስም አላት፤ «ጲጵ! ጲጵ!»

ድሮ አውቶቡስ ነበረች። የጽጌ አባት ሙላቱ ወንበሮቹን ነቅሎ አወጣና አልጋ አስገባ፣ ምድጃ አስገባ። በሩ ላይ ያሉትን ሦስት ደረጃዎች ግን አልነካቸውም።

ሙላቱ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። ውሃ የሌለው መንደር ሲጠራው ይሄዳል፤ ቤቷም አብራ ትሄዳለች።

በቤቷ ውስጥ አራት ሰው ይኖራል። ጽጌ፣ አባቷ ሙላቱ፣ እናቷ እቴነሽ፣ አያቷ አባባ ወልደየስ።

አባባ በመስኮቱ በኩል ይቀመጣሉ። ሁሉም ያከብራቸዋል፣ ሁሉም ይወዳቸዋል።

አባባ ውሃ ጠምቷቸው ሊነሡ ሲሉ፣ «ኧረ አይነሡ!» ትላለች እናት። ውሃውን ታመጣለች።

ጋቢያቸውን ሊያመጡ ሲሉ፣ «ኧረ አይነሡ!» ይላል አባት። ጋቢውን ያለብሳቸዋል።

ከዘራቸው ሲወድቅ፣ «ኧረ አይነሡ!» ትላለች ጽጌም። አንሥታ ታቀብላቸዋለች።

አይነሡ! አይነሡ! አይነሡ! አባባም አልተነሡም።

አንድ ቀን ጠዋት አባባ ወርደው ፀሐይ ሊሞቁ ፈለጉ። ጉልበታቸው «ቀጭ!» አለ። አልታጠፍም አለ፣ አልዘረጋም አለ።

ሙላቱ አዝሎ አወረዳቸው። አዝሎ መለሳቸው።

«ድሮ እኔ ነበርኩ እሱን የማዝለው» አሉ አባባ። አንገታቸውን ደፉ።

ማታ እራት ላይ ሙላቱ እንዲህ አለ፦ «አባባ፣ ይህ ጉድጓድ ሲያልቅ በእኅቴ በጥሩወርቅ ከተማ በኩል እናልፋለን። እሷ ጋ ቢቀሩስ? የሷ ቤት ደረጃ የለውም።»

«እግዚአብሔር እንዳለ» አሉ አባባ።

ጽጌ ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠች። አባባ ከቀሩ ማን ተረት ይነግራታል? ማን አብሯት ይጸልያል?

«አባባ፣ መቅረት ይፈልጋሉ?» አለቻቸው በጆሯቸው።

«አልፈልግም፣ የኔ እናት። ጉልበቴ ነው እንቢ ያለኝ።»

በማግሥቱ «ኳ! ኳ! ኳ!» በር ተንኳኳ። የመንደሩ ቄስ ሊጠይቋቸው መጥተው ነው።

አባባ ጠረጴዛውን ያዙ። ወንበሩን ገፉ። ብድግ! «ኖር!» አሉ።

«በእግዜር!» አሉ ቄሱ። አባባም ቁጭ አሉ።

ሰው ሲገባ ተነሥቶ «ኖር!» ማለት ክብር ነው። የገባውም «በእግዜር!» ይላል። በእግዚአብሔር ስም፣ ይቀመጡ ማለቱ ነው።

ጽጌ አፏን ከፍታ አየች። አባባ ተነሡ! ማንም ሳይደግፋቸው ተነሡ!

ቄሱ ባርከው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሌላ እንግዳ አልመጣም።

ጽጌ አሰበች፣ አሰበች፣ ከቤቷ ወጣች። በሩን ዘጋች። «ኳ! ኳ! ኳ!»

«ማነው?»

«እንግዳ ነኝ!»

አባባ ሳቁ። «የትናንት ልጅ! ለአንቺም ልነሣ?»

«እንግዳ ነኝ አልኩ እኮ!»

አባባ ብድግ! «ኖር!»

«በእግዜር!» አለች ጽጌ። አባባ ቁጭ።

ወጣች፣ ገባች። ብድግ! «ኖር!» «በእግዜር!» ቁጭ።

እናቷ ሰማችና ጮኸች። «አንቺ ልጅ! ትልቅ ሰው ታስነሻለሽ? ነውር አይደለም?»

«ተያት፣ እቴነሽ» አሉ አባባ። «ጉልበቴን ነው የምታስነሣው።»

ጉድጓዱ ጋ መቆፈሪያው ይሠራል። «ድም! ድም! ድም!» ቤቷ ውስጥ ደግሞ፣ «ኳ! ኳ!» ብድግ! «ኖር!» «በእግዜር!» ቁጭ።

ሰኞ ሦስት ጊዜ ተነሡ። ማክሰኞ አምስት ጊዜ። ሐሙስ ጉልበታቸውን አመማቸው፤ ሐሙስ አረፉ።

ዓርብ አባባ ውሃ ጠማቸው። እናት «ኧረ አይነ...» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

አባባ ራሳቸው ሄደው ቀዱ። ግማሹ ፈሰሰ። ግማሹን ጠጡ። «እንዴት ይጣፍጣል!» አሉ።

ከዚያ ወደ ደረጃው መጡ። የበሩን ብረት ይዘው አንድ ወረዱ፣ አንድ ወጡ። በማግሥቱ ሁለት ወረዱ፣ ሁለት ወጡ። ሦስተኛው ግን ከፍ ያለ ነው፤ ፈሩት።

አንድ ቀን ጉድጓዱ ጋ «ፏ!» አለ። ውሃ ወጣ! መንደሩ ሁሉ እልል አለ።

አባት በዚያው ነበር። እናት ሮጠች። ጽጌም ሮጠች፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። አባባስ?

ዞር ብላ አየች። አባባ በሩ ላይ ቆመዋል።

ጉልበታቸው «ቀጭ!» አለ። «ዝም በል!» አሉት አባባ። አማተቡ፤ ብረቱን ያዙ።

አንድ። ሁለት። ጽጌ ትንፋሿን ያዘች። ሦስት!

እግራቸው መሬት ነካ።

ቀስ እያሉ፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ እስከ ውሃው ሄዱ። ሠራተኞቹ ደክሟቸው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ሙላቱም አብሯቸው ነው፣ ራሱም እግሩም ረጥቧል።

ሙላቱ አባቱን ሲያይ ብድግ አለ። ሠራተኞቹም ብድግ አሉ። «ኖር! ኖር! ኖር!»

«በእግዜር!» አሉ አባባ። እጃቸውን ውሃው ውስጥ አስገብተው ፊታቸውን ታጠቡ። «ተመስገን!» አሉ።

ቤቷ ተነሣች። «ጲጵ! ጲጵ!» ጥሩወርቅ ቤት ደረሰች።

አባባ ሦስቱን ደረጃ ወረዱ። ልጃቸውን ሳሙ። ምሳ በሉ። ከዚያም ሦስቱን ደረጃ ወጡ።

«አባባ፣ አይቀሩም እንዴ?» አለች ጥሩወርቅ።

«መንገድ አለብኝ» አሉ አባባ። ሙላቱ ሳቀና ሞተሩን አስነሣ።

ሲመሽ ቤቷ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ቆመች። አባባ የአልጋውን ጫፍ ይዘው ጎንበስ ብለው ጸለዩ። ጽጌም አጠገባቸው ጎንበስ ብላ ጸለየች።

አባባ ተኙ። ጽጌ እግሯን ታጥባ መጨረሻ ገባች።

«ኖር!» አሉ አባባ ከብርድ ልብሱ ውስጥ። ሊነሡም ከጀላቸው።

«ኧረ አይነሡ!» አለች ጽጌ። ጉንጫቸውን ሳመች። «አሁን መኝታ ነው።»

አባባም አልተነሡም።

ነገ፣ እግዚአብሔር ሲፈቅድ፣ ይነሣሉ።