ከፊልሙ የጎደሉት አራት ደቂቃዎች

ዳይሬክተሩ የሞተው በገዛ ስቱዲዮው፣ ሃያ ወንበር ባላት ማሳያ ክፍል ውስጥ ነው። ወደ ማጫወቻዋ ጠባብ ክፍል የሚያስወጣው የብረት ደረጃ ሥር፣ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ማጅራቱ ተመቷል። ፊት ለፊቱ ያለው ነጭ ሸራ ባዶውን ነበር።

«ወድቆ ነው» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

መርማሪዋ ሰው ሁሉ ባንድ አፍ ሲናገር ደስ አይላትም። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ሆና አይደለም፣ ኧረ እንዲያውም ደልደል ያለች ሴት ናት። አንዴ ከወጋች ክሩን ሳታሳልፍ ስለማትመለስ ነው። ሬሳው አጠገብ በርከክ አለችና ኪሱን ዳበሰች። ከኮቱ የውስጥ ኪስ መነጽር ወጣ፤ በማኅደሩ ውስጥ በወጉ የተቀመጠ።

«ይሄ ሰው ሩቅ ማየት ይችል ነበር?»

«ያለ መነጽር? ሸራውን ከግድግዳው አይለየውም!» አለች ፕሮዲዩሰሯ፣ ካለቀሰችበት መሐረብ ቀና ብላ።

መርፌ ማኅደሩን ዘጋች።

ነገሩ እንዲህ ነው። «የጣሪያ ልጆች» የተባለው ተከታታይ አኒሜሽን ከቆመ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ የወዳጆቹ ፍቅር ግን አልቆመም። ያኔ ወለል ላይ ተዘርፍጠው ያዩት ዛሬ ወልደው ከብደው እንኳ «ድንቢጥ መጨረሻዋ ምን ሆነ?» ይላሉ። ድንቢጥ ከጣሪያ ጣሪያ የምትዘል ልጅ ናት፤ ድምፅዋን የምትሰጠው የዳይሬክተሩ ሚስት ነበረች። ሚስትየው ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏል። የተከታታዩ መደምደሚያ የሆነው ፊልም የተሠራው ቀድታ በተወችው ድምፅ ነው። እስቲ አስቡት፣ የቀበራችሁት ሰው በየቀኑ ከግድግዳው ወዲያ ሲስቅና ሲዘፍን! በዚያ ሕንፃ የሚሠሩ ሰዎች ኮሪደሩን የሚያልፉት እግራቸውን አቅልለው ነበር።

ፊልሙ ባለፈው ወር አለቀ፤ ጠቡም ያኔ ተጀመረ። ዳይሬክተሩ «ሲኒማ ቤት ካልገባ ሞቼ እገኛለሁ» አለ። ፕሮዲዩሰሯ በዲስክ ታትሞ በየቤቱ ይግባ አለች። በሞተበት ቀን፣ «የሲኒማውን ቅጂ ብቻዬን ልየውና የመጨረሻ ቃሌን እሰጣችኋለሁ» ብሏቸው ነበር፤ የዚያ ቅጂ የይለፍ ቃል ያለው እሱ ዘንድ ብቻ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ከማሳያው ክፍል በር በላይ ያለችው ቀይ መብራት በራች፤ የፊልሙም ድምፅ ተሰማ። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ስድስት ላይ በሩ ሲከፈት ሰውየው በድን ሆኗል።

«ከሰባት ሰዓት እስከተገኘበት ባለው ጊዜ ነው የሞተው» አላት ሐኪሙ። «ከዚህ በላይ አታስጨንቂኝ፣ ጠንቋይ አይደለሁም።»

የበሩ ዘበኛ ከሦስት ሰዎች በቀር ማንም አልነበረም ብሎ ማለ። መርፌም ከሦስቱ ፕሮዲዩሰሯን አስቀደመች።

«ጠዋት ተጣልታችኋል አሉ።»

«መቼ ሳንጣላ ውለን እናውቃለን!» አለች፣ ከቢሮዋ ወንበር ሳትነሳ። «የዚህ ተከታታይ ወዳጆች የትም የተበተኑ ናቸው። ያደጉበትም ቤታቸው ነው፤ ከወንድም ከእህታቸው ጋር ብርድ ልብስ እየተሻሙ። እዚያው ይግባላቸው ነው ያልኩት። እሱ ደግሞ ‹ጨለማ ውስጥ፣ አንድ ላይ፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ይስሟት› ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አልኩት። ምነው አፌን በቆረጠው!»

«ፊልሙ ሲያልቅ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ግድግዳችን የጋራ ነው። ድምፁ ጸጥ ሲል ሰዓቴን አየሁ፣ ዘጠኝ ከሠላሳ ስድስት። ይወጣል ብዬ አሥር ደቂቃ ታገሥኩ። ሳይወጣ ሲቀር ጆሮን ጠርቼ ገባን። እኔ ስጮህ እሱ ማሽኑን ላጥፋ ብሎ ወደ ላይ ሮጠ።»

ጆሮ የሚሉት የስቱዲዮውን የድምፅ ባለሙያ ነው።

«ሰዓትሽ ወደ ኋላ ይቀራል?»

«እኔ እቀር እንደሆን እንጂ እሱ አይቀርም።»

ጠረጴዛው ላይ ለኅትመት የተዘጋጀ ማስታወቂያ ነበር። መርፌ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አነበበችው፤ በሲኒማ አንድ መቶ ደቂቃ፣ በዲስክ ዘጠና ስድስት።

«ከዲስኩ የትኛውን አራት ደቂቃ ቆረጣችሁ?»

«አንድም ምስል አልቆረጥንም። ሲኒማ ቤት በሴኮንድ ሃያ አራት ምስል ያልፋል፤ የኛ የቤት ዲስክ ላይ ሃያ አምስት። ያው ፊልም ነው፣ ትንሽ ይፈጥናል፤ ድምፁም አብሮ ትንሽ ይቀጥናል። ከሙያው ሰው በቀር ልብ የሚለው የለም።»

«ዲስኩ ወጥቷል?»

«የት ወጥቶ! የድምፁ ሥራ ገና ትናንት ነው ያለቀው።»

የሟች ሚስት ታላቅ እህት ኮሪደሩ ውስጥ፣ ቀይዋ መብራት ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ጥቁር ሻሿን አጥብቃ ያሰረች፣ ስድሳ የሚጠጋት ሴት ናት። መርፌ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ከሟች ጋር አትነጋገሩም ነበር ይባላል።»

«እውነት ነው። ታናሼ ስታጣጥር አልጠራኝም። ለቀብር ነው የጠራኝ። አንጀቴ ቆስሎ ቀረ። ግን ልጄ፣ የምገድለው ብሆን የዚያን ዕለት እገድለው ነበር፤ ሁለት ዓመት ምን ያስጠብቀኛል?»

«ዛሬስ ምን አመጣዎት?»

«አገር ሳይሰማት ልስማት ብዬ። ‹አንቺን ብቻ አልከለክልም፣ ገብተሽ እይ› ብሎ ልኮብኝ ነበር፣ አቃተኝ። ቀይዋ መብራት ስትበራ እዚሁ ብቻዬን ነበርኩ። ወዲያው ጆሮ ከድምፅ ክፍሉ ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ እስኪያልቅም አልተለየኝም። እጄን ይዞ አብሮኝ አለቀሰ፤ እሱን እግዜር ይስጠው።» ወደ መርፌ ጠጋ አለች። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እብድ ናት አትበዪኝ። ከበሩ ወዲያ የመጣው ድምፅ እሷ ስትሞት የነበራት ድምፅ አይደለም። ቀጭን ነው፤ አንድ አልጋ ላይ ተኝተን በልጅነቷ ታወራኝ የነበረው። ጠጉሬ ቆመ። ነፍሷ ልትወቅሰኝ መጣች ብዬ አማተብኩ።»

መርፌ የሴትዮዋን ጉልበት መታ መታ አድርጋ ተነሳች።

ጆሮ በድምፅ ክፍሉ ውስጥ እጆቹን አጣምሮ ቆሞ ጠበቃት። ከኋላው አንዲት አጭር በር አለች።

«ይቺ ወዴት ታስወጣለች?»

«ወደ ማጫወቻው ክፍል። ሽቦ ለመሳብ ነው።»

«አንተስ፣ ሲኒማ ነው ወይስ ቤት የምትለው?»

«ቤት» አለ ሳያመነታ። «ቤት ውስጥ ልጅ ያለቅሳል፣ በር ይንኳኳል፣ ሰው ድምፅ ይቀንሳል። አንዳንድ ነገር እንዲህ ቢሰማ ይሻላል።»

«እንዴት ያለ ነገር?»

«አንዳንድ ነገር።»

«ከኮሪደሩ የሰማችሁት የትኛውን ቅጂ ነው?»

«የሲኒማውን ነዋ! እሱ ሌላ ምን ያያል?»

«ከወትሮው የተለየ ነገር አልሰማህም?»

«ምንም። አንድ ወር ሙሉ ሌት ተቀን የሰማሁት ድምፅ አይደል፤ አንድም ነገር አልተለወጠም።»

መርፌ አመስግናው ወጣች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሦስቱን ማሳያው ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻቸው። እሷ ሸራውን ተደግፋ ቆመች፤ አንድ ፖሊስ ከላይ፣ ማጫወቻው ዘንድ ነበር።

«ሟች ፊልም ሊያይ ገብቶ መነጽሩን ከማኅደሩ አላወጣም» አለች። «ስለዚህ ፊልሙ ሲጀመር እሱ የሚያይበት ሁኔታ ላይ አልነበረም። እንግዲህ የጀመረው ሌላ ሰው ነው፤ ሁላችሁም ሰውየው እስከ ፍጻሜው በሕይወት ነበር እንድትሉ። ያ ሰው ከዚያ ወጥቶ፣ ፊልሙ እስኪያልቅ ሰው አጠገብ መቀመጥ ነበረበት።»

ፕሮዲዩሰሯ ወደ ብረት ደረጃው ዞራ አየች።

«ስምንት ሰዓት የጀመረ የሲኒማ ቅጂ የሚያልቀው ዘጠኝ ከአርባ ላይ ነው። ያለቀው ግን ዘጠኝ ከሠላሳ ስድስት። አራቱ ደቂቃ የት ገባ? የተጫወተው ዲስኩ ነው! እትዬ፣ የሰሙት ነፍሷን አይደለም። ዲስኩ ስለሚፈጥን ድምፅዋ ቀጥኖ ነው። ገዳዩ የሲኒማውን ቅጂ ማጫወት አልቻለም፤ በይለፍ ቃል የተዘጋ ነው፣ ቃሉን የሚያውቀውም ሟች ብቻ ነበር። ስለዚህ በእጁ ያለውን አስገባ። ትናንት ያ ዲስክ የነበረው ድምፁን ሲሠራበት የከረመው ሰው ዘንድ ብቻ ነው። መጨረሻም ላይ ‹ማሽኑን ላጥፋ› ብሎ ሮጦ ያወጣው እሱ ነው።»

ዓይን ሁሉ ወደ ጆሮ ዞረ።

«እትዬ ሙያው የላቸውም፣ ልዩነቱን ሰሙ» አለች መርፌ። «አንተ ሙያህ ሆኖ አልሰማህም። አንድ ወር ሙሉ የዲስኩን ድምፅ ብቻ ስትሠራ ከርመህ ያ ፈጣኑ ለጆሮህ ዋናው ሆኖብሃል። ይሄን ስህተት የሚሳሳት ሰው በዚህ ቤት ካንተ በቀር የለም።»

«ጆሮ ይሳሳታል» አለ፣ ድምፁ እየሻከረ። «ሰዓትም ይሳሳታል። ይሄ ማስረጃ ነው?»

«አይደለም። የይለፍ ቃሉን ግን ከሟች የኪስ ማስታወሻ አግኝተነዋል። የሲኒማውን ቅጂ የመጨረሻ አምስት ደቂቃ ድምፁን ከፍ አድርገን እንሰማለን፤ ከዚያ ዲስኩን። አንተ ዲስኩ ላይ ምን እንደቀበርክ ሁላችንም እንወቀው።»

እጇን አነሳች። መብራቱ ጠፋ። ድንቢጥ በሸራው ላይ ከጣሪያ ጠርዝ ቆማ ታየች፤ የድምፅ ማጉያዎቹም ሹክሹክ ማለት ጀመሩ። መርፌ ያን ድምፅ ጠዋት ብቻዋን ሰምታዋለች፤ እህትየዋን ዳግም ማሰማት ጭካኔ መሆኑንም ታውቃለች። ጆሮ ቀድሞ እንዲያስቆማት በልቧ ትለምን ነበር።

«አጥፉት!» ብሎ ጮኸ፣ ወንበሩን ገልብጦ። «እህቷ ባለችበት አይሆንም! እኔ ነኝ፣ ገደልኩት፤ በናታችሁ አጥፉት!»

መርፌ እጇን አወረደች። መብራቱ በራ።

«ሆስፒታል ነበርን» አለ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ። «እሱ ‹ከድንቢጥ አንዲት የስንብት ቃል ቀርታለች› ብሎ መቅረጫ ይዘን ገባን። የያዝኩት እኔ ነኝ። ትንፋሿ ተቆራረጠ። ‹በቃኝ፣ አጥፉት፣ እህቴን ጥሩልኝ› አለች። በዚያው አረፈች። እሱ ቃሉን ቆርጦ ጣለና ትንፋሹን አስቀረው፤ የድንቢጥ መሰናበቻ አደረገው! ዲስኩ ላይ ሙዚቃ ደርቤበት አይሰማም። ሲኒማ ቤት ግን ሺህ ሰው ስታጣጥር ይሰማታል። ትናንት ደረጃው አናት ላይ ተው ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹እንዲያ ነው የማትሞተው› አለኝ። ገፋሁት። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት።»

እህትየዋ ወንበሩን እየተደገፈች መጥታ ከፊቱ ቆመች።

«ጥሩልኝ አለች?»

«አዎ፣ እታለም።»

«አንተም ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ።»

«አንተም አልጠራኸኝማ!»

ፖሊሱ መጥቶ በክንዱ ሲያነሳው እንደ ሕፃን ተነሳለት።

ፊልሙ ሲኒማ ቤት ሳይገባ ቀረ። ምርጫው ለእህትየዋ ስለተተወ በዲስክ ይውጣ አለች፤ ወጣም። ሰዉ በየቤቱ አየው፤ ወደደው፣ አለቀሰበትም።

እሷም አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ መጋረጃውን ገልጣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋ አየችው። መጨረሻው ላይ ድንቢጥ ከጣሪያው ጠርዝ ቆመች፣ ሙዚቃውም ከፍ አለ። ከሙዚቃው በቀር የሚሰማ ነገር የለም። እሷ ግን ከሥሩ ምን እንዳለ ታውቃለችና ሰማችው። ከወንበሯ ተነሳች፣ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ፈለገች፣ «መጣሁ፣ እህቴ» አለች።