ፌና የደበቀችው ፖስታ

«እጅህን አታወዛውዝ አልኩህ እኮ! ቁጥሩ ተበላሸ» አለች ፌና፤ አየር ማረፊያው ውስጥ የእናታቸውን ስልክ ቁጥር በአራት ዓመቱ ወንድሟ ክንድ ላይ በእስክሪብቶ እየጻፈች።

«ይኮረኩረኛል!» ታይስ እየተንከተከተ ክንዱን ሊያስለቅቃት ይታገላል።

«ብትጠፋ ይጠቅምሃል።»

«እኔ አልጠፋም። አንቺ ነሽ የምትጠፊው!»

ከትንሽ ልጅ ጋር ባሕር ማዶ መሄድ ቀልድ አይደለም። ፌና ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ብትሆንም ሁሉን ያሰናዳችው እሷ ናት፤ ትርፍ ልብስ በእጅ ሻንጣ፣ አውሮፕላኑ ሲነሳ ጆሮው እንዳይደፈን የሚመጠጥ ከረሜላ፣ ታይስ ካላቀፈው የማይተኛው ጥንቸል አሻንጉሊት። እናቷ ማሬከ «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር!» ስትላት ግን ፌና ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም።

ምክንያቱም ዋናው ነገር፣ ድንበር ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ወረቀት፣ በራሷ በፌና ቦርሳ ውስጥ ተደብቋል። የተፋቱ ወላጆች ልጅ ከአንዳቸው ጋር ከአገር ሲወጣ ሌላው መስማማቱን በፊርማ ማረጋገጥ አለበት። አባቷ ዳውዌ ባለፈው ቅዳሜ ፈርሞ፣ የፓስፖርቱን ቅጂ አያይዞ፣ «ለእናትሽ ስጪልኝ» ብሎ ፖስታውን ሰጥቷታል። ማሬከና ዳውዌ ከተለያዩ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ካስፈለጋቸውም የሚነጋገሩት በፌና በኩል ነው። ፌናም መልእክቱን እንደፈለገች አደረገችው። ለእናቷ «ወረቀቱን ራሱ አየር ማረፊያ ያመጣዋል» አለቻት። ለአባቷ ደግሞ «እማዬ መጥተህ እንድትሸኘን ትፈልጋለች» አለችው።

ምን ፈልጋ ነው? አራቱም አንድ ቦታ ቆመው ለማየት፤ ለአምስት ደቂቃ፣ በቃ። አባቷ ታይስን ትከሻው ላይ ሲያወጣ፣ እናቷ «ኧረ ትጥለዋለህ አንተ ሰው!» ስትል ለመስማት። ናፍቆቱ አንዳንዴ ክፍል ውስጥ፣ አስተማሪው እያስረዳ ሳለ ድንገት ይመጣባትና እንባ እንባ ይላታል።

«የት ደረሰ?» አለች ማሬከ ሰዓቷን እያየች። ወደ ፓስፖርት ፍተሻ የሚወስደው ሰልፍ ረዝሟል። «በሩ ሊዘጋ አርባ ደቂቃ ነው የቀረው!»

የፌና ስልክ ነዘረ። የአባቷ መልእክት ነው።

«ከወደብ ሥራ ዘግይቼ ወጣሁ፤ አሁን ባቡር ላይ ነኝ፤ ግማሽ ሰዓት። ሰማያዊውን ሸሚዝ ለብሻለሁ። እናትሽ የምትወደውን ጨዋማውን ጥቁር ከረሜላም ይዣለሁ። እሷ ናት ይምጣ ያለችው አይደል? እውነት እሷ ናት?»

ፌና መልእክቱን ደግማ አነበበችው። ይህንንማ መች አሰበችው! የምትናፍቀው እሷ ብቻ መስሏት ነበር።

«ምን አለ?» አለች እናቷ።

«ግማሽ… ግማሽ ሰዓት።»

የማሬከ ፊት በርበሬ መሰለ። «ግማሽ ሰዓት! አላልኩም? እህቴን ካየኋት ስድስት ዓመቴ ነው! ካናዳ ድረስ ልሄድላት ተነስቼ፣ እሱ አንዲት ወረቀት ማድረስ ያቅተው? ድሮስ ለእኛ ጊዜ ኖሮት ያውቃል?»

ታይስ የእናቱን ቀሚስ ጎተተ። «አባዬ እንድንሄድ አይፈልግም? ተቆጥቶናል?»

ማሬከ እንደገና ሰዓቷን አየች። የልጁ እንባ ጉንጩ ላይ ወረደ።

ፖስታው ከወጣ ያቺ አምስት ደቂቃ ቀረች። ዝም ካለች አባቷ ይደርስ ይሆናል፤ አውሮፕላኑ ግን ጥሏቸው ይሄዳል፣ ታይስም አባቱ ባላጠፋው ጥፋት እንዳዘነበት ይቀራል። ፌና ወለሉ ላይ ተንበርክካ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች።

«እማዬ፣ አባዬ ቅዳሜ ነው የፈረመው። እኔ ነኝ የደበቅኩት።»

ማሬከ ፖስታውን ተቀብላ ፊርማውን አየች፤ ልጇን አየች። «ለምን?»

«አንድ ላይ እንድንቆም ብዬ… ለትንሽ ጊዜ።»

እናቷ ፖስታውን ከፓስፖርቶቹ ጋር አደረገችው። ጎንበስ ብላ የታይስን ጉንጭ ጠረገች። «አባትህ ፈርሟል የኔ ጌታ። ሂዱ ብሏል። እኔ ነኝ የማይሆን ነገር የተናገርኩት።» ከዚያ ወደ ፌና ዞረች። «ካንቺ ጋር ስንደርስ እንነጋገራለን። አሁን ደውዪለት፤ በከንቱ አይልፋ።»

«አንቺ ብትደውዪለትስ?»

ማሬከ ራሷን ነቀነቀች። «አይሆንም ፌንዬ።» አልተቆጣችም፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው። ብትቆጣ ይሻላት ነበር ለፌና።

ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ፌና ደወለች።

«ሁለት ጣቢያ ብቻ ቀረኝ!» አለ አባቷ ቀድሟት።

«አባዬ፣ ስማኝ። እማዬ አልጠራችህም። እኔ ነኝ የዋሸሁህ። አሁን እየገባን ነው፤ አትደርስብንም።»

ባቡሩ ውስጥ የሚቀጥለው ጣቢያ ስም ሲጠራ ተሰማ።

«እንግዲህ… ሸሚዙስ አምሮብኝ ነበር» አለ አባቷ። ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ አልመጣለትም።

«እማዬ ሰላም ብላሃለች» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። አንዲት ትንሽ ውሸት! ደስ ይለው ነበር፤ እስኪመለሱም ድረስ ያንን ይዞ ይኖር ነበር። ፌና ቃሉን ዋጠችው።

«የዛሬ ሁለት ሳምንት ጠዋት እንመለሳለን» አለች። «መንገደኛ በሚወጣበት በር ሰዎች ነጭ አንሶላ ላይ የእንግዳቸውን ስም በትልቁ ጽፈው ይቀበሉ የለ? የኔንና የታይስን ስም ጽፈህ ትመጣለህ? ማንም አላለኝም። እኔ ነኝ የምጠራህ።»

ወዲያ ማዶ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

«ስንት ሰዓት?» አለ አባቷ።

ፌና ትኬቱን ገልብጣ ሰዓቱን አነበበችለት።