የድንቢጥ ስድስት ዩኒት

ድንቢጥ ከክሊኒኩ መጸዳጃ ቤት ስትወጣ የኢንሱሊን መውጊያ ብዕሯን ቦርሳዋ ሥር ቀብራ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው ነበር የምትራመደው። ስድስት ዩኒት ተወግታለች። ያውም ቁርስ ሳትበላ፣ ያውም ነርሷ ዛሬ ጠዋት ኢንሱሊን የሚባል ነገር እንዳትነካ ደጋግማ አስጠንቅቃት።

ድንቢጥ እውነተኛ ስሟ አይደለም። አባቷ ነው ያወጣላት፤ ቀጭን ስለሆነችና ቀኑን ሙሉ ስለምትንጫጫ። ባለፈው ዓመት የስኳር በሽታ ሲይዛት ጫጫታው ጠፍቶ ቤቱ ጭር ብሎ ነበር። ያኔ ሐኪሙ ቆሽቷ ከነጭራሹ እንዳልቆመ፣ ጥቂት ኢንሱሊን አሁንም እንደሚሠራ ነገራቸው። አባቷ ያቺን ጥቂት የሙጥኝ አለ። ሥራው ሊፍት መጠገን ነው፤ እሱ ዘንድ ትንሽ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ተስፋ አለው። ለአክስቷ፣ ለጎረቤቱ፣ ሊፍት ውስጥ ለሚያገኘው ለማያውቀው ሰው ሳይቀር «የልጄ ቆሽት እኮ አሁንም ይሠራል» ይላል። ድሮ በተናደደ ቁጥር «ቆሽቴን አታሳርሩት» የሚል ሰውዬ፣ አሁን ያቺን ንግግር እርም ብሏል።

ዛሬ የሚለካው እንግዲህ ያ የቀረው ነው። በባዶ ሆድ ደም ይቀዳል፤ ቀጥሎ ጣፋጭ መጠጥ ይጠጣል፤ ከዚያ ቆየት እያለ እንደገና ይቀዳል። ድንቢጥ ግን ሰሞኑን የምትወጋው መጠን እየጨመረ መምጣቱን ከማንም በላይ ታውቃለች። ቆሽቷ እየለገመ ነው። ትናንት ስታሰላስል ታዲያ ዘዴ መጣላት። የሚለካው ኢንሱሊን ከሆነ፣ እኔ ብጨምርበት ማን ያውቃል? ሸውጃቸው እወጣለሁ አለች።

ነርሷ ክንዷ ላይ ደም መቅጃ ቱቦ ሰክታ በፕላስተር አሠረችላትና የመጀመሪያውን ደም ቀዳች። መጠጡ እስኪመጣ መጠበቅ ነበር። አባቷ አፉን ዘግቶ መቀመጥ አይሆንለትምና ጥያቄውን ጀመረ። ልጄ የምትወጋው ከራሷ ጋር ተቀላቅሎ የለም ወይ፣ እንዴት ነው የምትለዩት አለ። ድንቢጥ ጆሮዋ ቆመ።

ነርሷ ሥራዋን እየሠራች አስረዳችው። ሰውነት የራሱን ኢንሱሊን ሲሠራ አንድ ቁራጭ ነገር አብሮ ይለቃል። ፋብሪካ የሠራው ውስጥ ግን ያ ቁራጭ የለም። «እኛ የምንለካው ቁራጩን ነው» አለች። «በመርፌ የሚገባው እንደውም የራሷን ያስተኛዋል። እንዳትወጋ ያልናት ለዚህ ነው።»

የድንቢጥ ጉድ ፈላ። ለካስ ስድስቱ ዩኒት ሊጠቅማት ቀርቶ ሊጎዳት ነው። ወይኔ ቀሽሟ፣ አለች በሆዷ። ወዲያው ደግሞ ከንፈሯ ደነዘዘ፤ ጀርባዋን ላብ አጠመቃት፤ ጣቶቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ስኳሯ እየወረደ እንደሆነ አላጣችውም።

አባቷ አያት። «ፈርተሽ ነው አይደል?» አለና ግሪስ የማይለቀው እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ። «አይዞሽ ድንቢጤ፣ የአንቺ ቆሽት አያሳፍረንም።»

ይህን ባይላት ይሻላት ነበር።

ነርሷ መጠጡን በኩባያ ይዛ መጣች። ድንቢጥ በሁለት እጇ ተቀበለቻት፤ ጠርዙ ጥርሷን መታ። ጣፋጭ ነው። ብትጠጣው መንቀጥቀጡ ይለቃታል፣ ነገሩም ተዳፍኖ ይቀራል። ግን ገና ያልቆመ ሊሆን የሚችለውን ቆሽቷን፣ ቆሟል የምታሰኘው ራሷ ናት። አባቷም ያንን አምኖ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤት ይሄዳል።

«ሲስተር» አለች ኩባያውን ከአፏ አውርዳ። «ተወግቻለሁ።»

«ምን?»

«ኢንሱሊን። ስድስት ዩኒት። ቅድም እዚህ ሽንት ቤት።»

ነርሷ አልጮኸችም። የድንቢጥን ጣት ወግታ ስኳሯን ለካች፣ ቁጥሩን አይታ ፊቷ ተለወጠ፤ ኩባያውን ተቀብላ በምትኩ ስኳሯን ቶሎ የሚያነሳ ጭማቂ ሰጠቻት። ጠጥታ እስክትጨርስ፣ መንቀጥቀጡም እስኪተዋት አጠገቧ ቆመች። ዳግመኛ ለክታ ሲስተካከል ጊዜ ቱቦውን ነቀለችላት። የዛሬው ምርመራ እንደተበላሸ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከመጀመሪያው እንደሚጀመር ነገረቻቸውና ቀጠሮ ልታይላቸው ወጣች።

አባቷ መስኮቱ ጋ ጀርባውን ሰጥቷት ቆሞ ነበር። ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች።

«ለምን?» አለ ሳይዞር።

«ቆሟል እንዳይሉህ ብዬ።»

አባቷ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠና አውራ ጣቱ ላይ ያለውን ግሪስ ይፍቅ ጀመር። ሰው ሁሉ ጋ ሲያወራ የከረመውን እያስታወሰ እንደሆነ ከፊቱ ይነበብ ነበር።

«ብትወድቂብኝስ?» አለ በመጨረሻ። «አንቺን አጥቼ ቆሽትሽን ምን ላድርገው?»

ድንቢጥ ያን ጊዜ አለቀሰች። እሱም እንዳታየው ወደ ግድግዳው ዞረ።

ነርሷ ስትመለስ የቀጠሮውን ቀን ነገረቻቸው። ውጤቱ ሲደርስ እንደ አምናው ለእርስዎ ልደውል አይደል፣ ስልክዎ ያው ነው? ብላ አባቷን ጠየቀችው። እሱም አዎ ሊል አፉን ከፈተ።

«ለእኔ ይደውሉልኝ» አለች ድንቢጥ። ነርሷ ቀና ብላ አየቻት። «መጀመሪያ እኔ ልስማው። ለአባዬ እኔ እነግረዋለሁ።»

ነርሷ ወደ አባቷ ተመለከተች። እሱ ልጁን ትንሽ አያትና በእሺታ አንገቱን ነቀነቀ። ድንቢጥ የጭማቂውን ብርጭቆ አስቀምጣ የራሷን ስልክ ቁጥር ቀስ ብላ ነገረቻት።