የመጨረሻዎቹን ሦስት ደብተሮች የተጫነው

ያመነ ይመን፣ ያላመነ ይሳቅ። የሰው ወሬ ቢሆን ኖሮ እኔም ስቄ አልፈው ነበር። ግን በገዛ ቤቴ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የደረሰብኝ።

ሥራዬ ማሽን መሥራት ነው። አንድ ትምህርት ቤት ደብተር የሚሸጥ ማሽን አዞኝ ነበር። ኤሌክትሪክ የለውም። ሳንቲም ታስገባለህ፣ እጀታውን ትስባለህ፣ አንድ ደብተር ይወጣል። ሲያወሩት ቀላል ነው።

ስልሳ ደብተሮች ሳጥን ውስጥ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራሉ። ከሥር ያለች ጠፍጣፋ ብረት የታችኛውን ብቻ ገፍታ በቀጭን ክፍተት ታስወጣዋለች። ከላይ ያሉት ተጭነው ቀጥ አድርገው ይይዙታል።

ችግሩ መጨረሻ ላይ ነው። ሦስት ሲቀሩ የሚጫናቸው የለም። ጎብጠው ክፍተቱ ላይ ይቀረቀራሉ። ስፕሪንግ ሞከርኩ... ሳጥኑ ሲሞላ አላንቀሳቅስ ይላል፣ ሲጎድል ይላላል። የሚያዋጣው ከላይ የሚቀመጥ ከባድ ብረት ነው። እሱን ያዘዝኩት ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ "ነገ" እያለ የሚጠራው በያጅ ዘንድ ነው። ስሙን ከየት እንዳመጣው አትጠይቁኝ።

ከምሠራበት ክፍል ጀርባ፣ ከቀጭኑ የእንጨት ግድግዳ ወዲያ፣ ታላቅ እህቴ ተኝታለች። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አራት ዓመት ሙሉ ከአልጋ አልወረደችም።

"ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር አለ" ትላለች። ሐኪሞቹ ራጅ አንስተው አንስተው "ምንም የለም" ብለው መለሷት።

"ዱካክ ይሆናላ እትዬ" አልኳት አንድ ቀን።

"ዱካክማ ስትነቃ ይለቅሃል። ይሄ አብሮኝ ነው የሚነቃው።"

በዚያ ሳምንት ውሃ በማንኪያ መዋጥ እንኳ አቅቷት ነበር። እንደማጣት ገብቶኛል። ብረት እየሞረድኩ፣ ድምፁ ልቅሶዬን ስለሚሸፍንልኝ አለቅስ ነበር።

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሽኑን እንደገና ሞከርኩት።

ሦስት ደብተር ቀረ። መቀርቀሩ አይቀርም ብዬ ጉጠቴን አነሳሁ። እጀታውን ሳብኩ።

ወጣ።

ሁለተኛውም... ሳይጎብጥ፣ ሳይታጠፍ፣ ቀጥ ብሎ ወጣ።

እሰይ! ብዬ ብቻዬን ጨፈርኩ። "ነገ" ለካ ጥሩ ብረት ነው የሠራልኝ እያልኩ... ከዚያ ክው አልኩ።

ብረቱ ገና አልመጣም።

የሳጥኑን ክዳን ከፈትኩ። ባዶ ነው። ከታች አንድ ደብተር ብቻ አለ። ላነሳው ጫፉን ያዝኩት። አልነሳ አለኝ። ጥፍሬን ከሥሩ ላስገባ ሞከርኩ... አልገባም።

ሽፋኑ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል።

"አንተ..." አለችኝ እህቴ ከግድግዳው ወዲያ። ድምፅዋ ጥርት ብሎ። "አንተ ልጅ... ቀለለኝ።"

ላብ አጠመቀኝ። ማመን አቅቶኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እጀታውን ሳብኩት። የመጨረሻው ደብተር ወጣ።

ወዲያው ከግድግዳው ጀርባ የታነቀ ሰው ድምፅ ሰማሁ።

ደብተሮቹን በሁለት እጄ እያፈስኩ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ። ስልሳውንም። ከዚያ ቆሜ አዳመጥኩ...

ረጅም ትንፋሽ። አንድ። ሁለት።

"ሄደ" አለች።

ለእሷ ምንም አልነገርኳት። ምን ብዬ ልንገራት? ለትምህርት ቤቱ ደውዬ "ማሽኑ አልተሳካም" አልኩ። ይዘውት ቢሄዱ፣ ልጆች ተሰልፈው ቢያራግፉት... የሚጫነው ሲያጣ ተመልሶ እሷ ላይ ይወጣል።

በማግስቱ እህቴ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን አልጋዋን ራሷ አነጠፈች። በአራተኛው ቀን ወጥ ቤት ገብታ "ይሄን ድስት በምንድን ነው ያጠብከው፣ በስድብ?" አለችኝ። ከሳቄ ብዛት እንባዬ መጣ።

እኔ ግን ፍርሃት አላስቀመጠኝም። ሳጥኑ ጢም ብሎ ካልሞላ አይሆንም ብዬ ተጨማሪ ደብተር ልገዛ ወጣሁ። ግማሽ ሰዓት አልቆየሁም።

ስመለስ ከበሩ ውጭ ድምፁን ሰማሁት።

ቀጭ... ሸርተት።

ቀጭ... ሸርተት።

በሩን በረገድኩት። እህቴ ማሽኑ ፊት ቆማለች፣ በደስታ ፊቷ በርቷል። ደብተሮቹ እግሯ ሥር ተከምረዋል።

"ከትምህርት ቤቱ ደውለው ነበር። አልተሳካም አልካቸው አሉ?" አለችኝ። "ይኸው፣ አንድም አልተቀረቀረም! ይሠራል፣ ኑ ውሰዱት ልላቸው ነው።"

"እትዬ... እጀታውን ልቀቂ።"

"አንድ ብቻ እኮ ነው የቀረችው—"

"ልቀቂ!!"

በሕይወቴ ጮኬባት አላውቅም። ደንግጣ ዞረች። እጇ ግን እጀታውን እንደጨበጠ ነበር... አብሯት ተሳበ።

ሸርተት።

ደብተሩ ወለሉ ላይ ወደቀ።

"ምን ሆንክ? ፊትህ አመድ መሰለ።"

"ደረትሽ?"

"ደረቴ? ደህና ነኝ።"

አቀፍኳት። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ቆማ ስለነበረች ይሆን? ምንም አልሆነችም...

ከክፍሏ ውስጥ አልጋዋ ሲጢጥ አለ።

በሩ ክፍት ነበር። አልጋው ላይ ማንም የለም። ጠዋት የዘረጋችው አንሶላ መሐሉ ላይ ቀስ እያለ... ቀስ እያለ ወደ ታች ሰመጠ።

እዚያው ቀረ።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም። "እስክተኛ እየጠበቀኝ ነው" አለች።

ሳጥኑን እንደገና ሞልቼ እጀታውን ደጋግሜ ሳብኩት። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ጎብጠው ተቀረቀሩ። አንዴ ተታልሏል፣ አይደገምም። ከቤት ሸሽተን ሌላ ሰፈር አልጋ ተከራየን። በሩን ስንከፍት ፍራሹ ቀድሞ ጎድጉዷል። ተመልሰን መጣን።

ይኸው ሦስተኛ ቀናችን ነው። እህቴ ጎኗን አላሳረፈችም። አሁን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ፣ እሷ ትከሻዬ ላይ ተደግፋለች። በአንድ እጄ ወገቧን ይዤ፣ በሌላው ይህን እጽፍላችኋለሁ። የምታውቁት ነገር ካለ፣ እባካችሁ፣ አሁኑኑ ጻፉልኝ።

ጉልበቷ እየከዳት ነው።

"ትንሽ ልጋደም..." ትለኛለች በሹክሹክታ።

"አይሆንም እትዬ። አይንሽን ግለጪ።"

"ለአንድ ደቂቃ ብቻ... የኔ ጌታ..."

አይኗን ከደነች።

ቀና ብዬ አልጋውን አየሁት። አንሶላው ላይ ያለው ጉድጓድ ቀስ እያለ ከፍ አለ። ፍራሹ ሞልቶ ወደ ቦታው ተመለሰ።

እህቴ ትከሻዬ ላይ... ከበደችኝ።